ከአንጀት ተነሥቶ ጉበትን የሚያደነድን በሽታ

ስለ ቢልሃርዝያ ለመምህራንና ለከተማ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ትምህርት

በቋንቋችን የሰው ጠባይ ብዙ ጊዜ በሆድ ዕቃው ስም ይነገራል። ርኅሩኁን ሰው አንጀተ ቡቡ እንለዋለን፤ ቆራጡን ሐሞተ ኮስታራ እንለዋለን፤ ያዘነ ሰው አንጀቴ አረረ ይላል፤ የፈራ ሰው ሐሞቱ ፈሰሰ ይባላል። ጉበት ግን፣ ሐሞትን የሚያመነጨው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ በአነጋገራችን እምብዛም አይነሣም። በበሽታም ረገድ ጠባዩ እንዲሁ ነው። ጨጓራ ሲታመም ያቃጥላል፤ አንጀት ሲታመም ይቆርጣል፤ ጉበት ግን ብዙ ዘመን ዝም ብሎ ይታመምና ድምፁን የሚያሰማው ጉዳቱ ከጸና በኋላ ነው።

በወረታ ከተማና በፎገራ ሜዳ ለሚኖር ሕዝብ ይህን ነገር ማወቅ በተለይ ያስፈልጋል። ከአንጀት ተነሥቶ ጉበትን የሚጎዳው ቢልሃርዝያ የተባለው በሽታ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ባሉ አገሮች ከቆየ ዘመን ጀምሮ የሚገኝ ነው፤ በትምህርት ቤቶች የተደረጉ የዓይነ ምድር ምርመራዎችም ይህንኑ ደጋግመው አሳይተዋል። ስለዚህ የዚህ ትምህርት ዓላማ የአንጀትና የጉበትን ሥራ፣ በሽታው የሚሄድበትን መንገድ፣ በቅርብ ዓመታት የተገኘውን አዲስ ዕውቀትና መከላከያውን በቅደም ተከተል መግለጽ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1ኛ፤ የአንጀትና የጉበት ግንኙነት

የተበላ ምግብ በአፍ ተላምጦ፣ በጨጓራ ታሽቶ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል። የትንሹ አንጀት ርዝመት በአዋቂ ሰው 6 ሜትር ያህል ሲሆን የትልቁ አንጀት ርዝመት 1.5 ሜትር ያህል ነው። የምግቡ ጠቃሚ ክፍል በትንሹ አንጀት ግድግዳ አልፎ ወደ ደም ይገባል። ይህ ደም ግን እንደ ሌላው የሰውነት ክፍል ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይመለስም። ከጨጓራ፣ ከአንጀት፣ ከቆሽትና ከጣፊያ የሚመጡት ደም መልስ ሥሮች በአንድ ትልቅ ሥር ተሰብስበው ወደ ጉበት ይገባሉ። ይህ ሥር በሕክምና ቋንቋ «ፖርታል» ይባላል፤ ስሙ በላቲን «በር» ከሚለው ቃል የተገኘ ነው።

እንግዲህ ጉበት በአንጀትና በልብ መካከል እንደ ቆመ ኬላ ነው። ከገበያ የመጣው ጭነት ሁሉ በኬላ ሳይፈተሽ እንደማያልፍ፣ ከአንጀት የመጣውም ደም በጉበት ሳይመረመር ወደ ልብ አይደርስም። የአዋቂ ሰው ጉበት 1.5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በየደቂቃው 1.5 ሊትር ያህል ደም ያልፍበታል፤ ከዚህም ውስጥ ሦስት አራተኛው የሚመጣው በዚሁ በፖርታል ሥር ነው። ጉበት ትርፍ ስኳርን ያከማቻል፤ መርዝን ያረክሳል፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ንጥረ ነገሮች ይሠራል፤ ቅባት እንዲፈጭ የሚረዳውን ሐሞት በየቀኑ ከግማሽ ሊትር በላይ ያመነጫል።

ጉበት ሌላም የሚያስደንቅ ጠባይ አለው። በ1931 ሂጊንስና አንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የአይጥን ጉበት ሁለት ሦስተኛ ክፍል ቆርጠው ቢያወጡ፣ የቀረው ክፍል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ቀድሞው መጠኑ ሊመለስ ችሏል። በሰውም ዘንድ እንዲሁ ነው፤ ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው ከጉበቱ ከፍሎ ለታመመ ዘመዱ ሊሰጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ታዲያ ራሱን እንዲህ የሚጠግን አካል በቢልሃርዝያ ለምን ይሸነፋል? መልሱ የሚገኘው በትሉ አኗኗር ውስጥ ነው።

2ኛ፤ የትሉ አኗኗር

ቢልሃርዝያ ስሙን ያገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ ከተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ይህ ሰው በ1851 በካይሮ ከተማ አስከሬን ሲመረምር በፖርታል ሥር ውስጥ የሚኖሩ ትሎችን አገኘ። በ1913 በጃፓን ሚያይሪና ሱዙኪ፣ በ1915 ደግሞ በግብፅ እንግሊዛዊው ላይፐር ትሉ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በውኃ ቀንድ አውጣ አማካይነት መሆኑን አስረዱ።

በአገራችን ሁለት ዓይነት ቢልሃርዝያ አለ። አንደኛው የሽንት ፊኛን የሚያጠቃ ሲሆን እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ቆላማ ስፍራዎች ይገኛል። ሁለተኛው አንጀትንና ጉበትን የሚያጠቃው «ማንሶኒ» የሚባለው ነው፤ በጣና ዙሪያ ያለውም ይኸው ነው። የትሉ ርዝመት 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ወንዱ ትል በሰውነቱ ላይ እንደ ቦይ ያለ ሥርጉድ ስላለው ሴቷ በዚያ ውስጥ ተኝታ ትኖራለች። ጥንዶቹ በትልቁ አንጀት ዙሪያ ባሉት ደም መልስ ሥሮች ውስጥ ብዙ ዓመት ይኖራሉ፤ ሴቷም በየቀኑ 300 ያህል እንቁላል ትጥላለች።

የእንቁላሉ ጉዞ በሁለት ይከፈላል። ግማሹ ያህል የአንጀትን ግድግዳ በስቶ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ ሆድ ቁርጠትና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚመጣውም ከዚህ የተነሣ ነው። ዓይነ ምድሩ ወደ ውኃ ከገባ እንቁላሉ ይፈለፈልና ከእርሱ የሚወጣው እጭ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቀንድ አውጣ ይፈልጋል። የሚፈልገውም ማናቸውንም ቀንድ አውጣ ሳይሆን ባዮምፋላርያ የተባለውን፣ ቅርፊቱ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ የሆነውን ትንሽ ቀንድ አውጣ ብቻ ነው። በዚያ ውስጥ ገብቶ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ይራባል፤ ከአንዱ እጭም በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ባለ ጅራት እጮች ይወጣሉ። እነዚህ በተለይ ፀሐይ በደመቀችበት በረፋድና በቀትር ሰዓት ወደ ውኃው ይለቀቃሉ፤ እግሩን ወይም እጁን የነከረ ሰው ሲያገኙም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቆዳውን ሰንጥቀው ይገባሉ። ከዚያ በሳንባ በኩል አልፈው ወደ ጉበት ይደርሳሉ፤ በዚያ አድገው ጥንድ ጥንድ ሆነው ወደ አንጀት ሥሮች ይወርዳሉ።

ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ነገር ይህ ነው፤ ሌሎቹ የሆድ ትሎች ብዙዎቹ በአፍ ሲገቡ ቢልሃርዝያ የሚገባው በቆዳ ነው። ውኃውን ያልጠጣ ሰው ሁሉ ከበሽታው ዳነ ማለት አይደለም።

3ኛ፤ ጉበት እንዴት ይደነድናል

የቀረው ግማሽ እንቁላል ከሰውነት አይወጣም። የአንጀት ደም ሁሉ በፖርታል ሥር ወደ ጉበት እንደሚሄድ ከላይ ተመልክተናል፤ እንቁላሎቹም በዚሁ የደም ጎርፍ እየተገፉ ወደ ጉበት ይገባሉ። የጉበት ትናንሽ ሥሮች ከእንቁላሉ ስለሚጠቡ በዚያ ተሰንቅሮ ይቀራል። የሰውነት መከላከያ ሕዋሳትም እንቁላሉን እንደ ጠላት ይከቡታል፤ በዙሪያውም ትንሽ እብጠት ይሠራሉ። ይህ በመጀመሪያ ጠቃሚ ነው፤ ከእንቁላሉ የሚፈልቀው መርዝ የጉበትን ሕዋሳት እንዳይጎዳ ያግዳልና። ነገር ግን እንቁላሉ በየቀኑ ለዓመታት ሲጨመር እብጠቱ ሁሉ ጠባሳ እየሆነ ይሄዳል።

ጠባሳውን የሚሠራው ማን ነው? በ1876 ኩፕፈር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በጉበት ውስጥ የኮከብ ቅርጽ ያላቸው ሕዋሳት መኖራቸውን ገልጾ ነበር፤ ሥራቸው ግን መቶ ዓመት ያህል በደንብ ሳይታወቅ ቆየ። በ1980ዎቹ እነዚህ ሕዋሳት በተጎዳ ጉበት ውስጥ እንደ ክር ያለውን ጠባሳ የሚፈትሉ መሆናቸው ታወቀ። በ1999 ደግሞ በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት ኢንተርሊውኪን 13 የተባለው የመከላከያ ሕዋሳት መልእክተኛ ንጥረ ነገር ሲታገድ በቢልሃርዝያ የሚመጣው የጉበት ጠባሳ በብዙ ቀነሰ። ስለዚህ ጉበትን የሚያደነድነው ትሉ ብቻ ሳይሆን ሰውነት ለእንቁላሉ የሚሰጠው መልስም ጭምር ነው።

ጠባሳው የሚከማቸው በፖርታል ሥር ቅርንጫፎች ዙሪያ ነው። በ1904 ሲመርስ የተባለው ሐኪም እንዲህ ያለውን ጉበት ቆርጦ ሲመለከት ነጫጭ የሸክላ ፒፓ መቀጣጠያዎች በውስጡ የተሰገሰጉ መሰለው፤ በዚሁ ስምም ጠራው። ከላይ ለቀረበው ጥያቄ መልሱ እነሆ፤ ቢልሃርዝያ የሚያጠቃው የጉበትን ሕዋሳት ሳይሆን መንገዱን ነው። ጉበት የሞተ ሕዋሱን መተካት ይችላል፤ በጠባሳ የተዘጋውን መንገድ ግን በቀላሉ አይከፍትም።

የሩዝ ማሳ ያለው ገበሬ ቦይ በደለል ሲዘጋ የሚሆነውን ያውቃል። ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ ከፍ ይላል፤ ድንበሩ ደካማ በሆነበት በኩልም ይገነፍላል። በሆድ ውስጥ የሚሆነውም እንደዚሁ ነው። በፖርታል ሥር ውስጥ ያለው ደም ግፊቱ ይጨምራል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ በሆድ ውስጥ ውኃ ሊቋጠር ይችላል። ደሙም ሌላ መተላለፊያ ሲፈልግ በምግብ ቧንቧ ታችኛ ጫፍ ወዳሉት ስስ ሥሮች ይሄዳል፤ እነርሱም ይወጠራሉ፤ አንድ ቀንም ይፈነዳሉ። በዚህ ጊዜ በሽተኛው በድንገት ብዙ ደም ያስታውካል። የጉበቱ ሕዋሳት እስከዚያ ድረስ ሥራቸውን ይሠሩ ስለ ነበር፣ ትናንት እርሻ ሲያርስ የዋለ ሰው ዛሬ በሞት አፋፍ ላይ ይገኛል። ደም ያስታወከን ሰው አንድ ሰዓት እንኳ ሳያቆዩ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ግዴታ ነው።

4ኛ፤ የፎገራ ሜዳና ውኃው

የጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ይህ ከፍታ ለባዮምፋላርያ ቀንድ አውጣ የሚስማማ ነው። የጉማራና የርብ ወንዞች ሜዳውን አቋርጠው ወደ ሐይቁ ይገባሉ፤ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል፤ በበጋ ደግሞ ሽንኩርትና ሌላውም አትክልት በመስኖ የሚለማው ከእነርሱ ነው። ቀንድ አውጣው ኃይለኛ ጎርፍን አይወድም፤ ውኃው ከጎደለ በኋላ ግን በኩሬ፣ በቦይና ዝግ ብሎ በሚሄድ የወንዝ ዳር፣ ሣርና ቅጠል ባለበት ይራባል።

ቀድሞ በከብቱ ይታወቅ የነበረው ፎገራ ዛሬ የሩዝ አገር ሆኗል። ሩዝ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት በሙከራ ከተዘራ ወዲህ ሰብሉ ተስፋፍቶ ለብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ሆኗል፤ በአካባቢውም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሟል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ነገር ግን ውኃ በበዛበት ሥራ ባዶ እግርና ባዶ እጅ ከውኃ ጋር የሚገናኙበት ሰዓትም ይበዛል። ለገበሬው «ወደ ውኃ አትግባ» ብሎ መምከር ከእንጀራህ ተለይ ማለት ስለሆነ ከንቱ ምክር ነው። ብልኅ ምክር የሚሆነው ውኃው እንዳይበከል፣ ሰውም በጊዜው እንዲታከም ማድረግ ነው።

5ኛ፤ ሆድን የሚያሳብጥ ሁሉ ቢልሃርዝያ አይደለም

በዚህ አገር ጣፊያንና ጉበትን የሚያሳብጡ በሽታዎች ብዙ ስለሆኑ አንዱን ከአንዱ ሳይለዩ መፍረድ አደጋ ያመጣል። ለዚህ ምስክር የሚሆን ነገር በዚሁ በፎገራና በጎረቤቱ በሊቦ ከምከም ወረዳ ተፈጽሟል። ሰዎች በረጅም ትኩሳትና በሆድ እብጠት እየከሱ ሲሞቱ በሽታው መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር፤ በ2005 ግን በምርመራ ካላ አዛር መሆኑ ተረጋገጠ። ካላ አዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ሲሆን ካልታከመ ይገድላል። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት የበለጠ ትኩሳት ከጣፊያ እብጠት ጋር የታየበት ሰው ሁሉ ሳይውል ሳያድር ይመርመር።

ዓይንን ቢጫ የሚያደርገውን በሽታ ሕዝቡ የወፍ በሽታ ይለዋል፤ የሌሊት ወፍ ያመጣዋል የሚሉም አሉ። ይህ ስሕተት ነው። የወፍ በሽታ የሚባለው ከጉበት መታወክ የሚመጣ ምልክት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ መነሻው የጉበት ቫይረስ ነው። ከቫይረሶቹ አንዱ በተበከለ ምግብና ውኃ ሲገባ ሌላው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። «ቢ» ለተባለው ቫይረስ ክትባት አለው፤ በአገራችንም ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናት ከሚሰጡት ክትባቶች ጋር ተደምሯል። ቢልሃርዝያ ግን ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ከስንት አንዴ ነው።

ከብት ያረደ ሰው በጉበት ውስጥ ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል አይቶ ይሆናል። ይህ የከብት የጉበት ትል በረግረግ ሣር ላይ የሚገኝ ሲሆን የሚኖረው በሐሞት መውረጃ ውስጥ ነው። ከቢልሃርዝያ ጋር መምታታት የለበትም፤ የዚያኛው ትል መኖሪያ የደም ሥር ነው።

6ኛ፤ ምርመራና መድኃኒት

የበሽታው ምርመራ ቀላል ነው። ካቶ የተባለው ጃፓናዊ በ1954 የጀመረውን ዘዴ ካትዝና ጓደኞቹ በ1972 በብራዚል አሻሽለውታል። በዚህ ዘዴ 41.7 ሚሊ ግራም ዓይነ ምድር በመስተዋት ላይ ተዘርግቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ የተቆጠረው እንቁላል በ24 ሲባዛ በአንድ ግራም ውስጥ ያለው ብዛት ይገኛል። ከ100 በታች የሆነው ቀላል፣ ከ100 እስከ 399 መካከለኛ፣ 400ና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። የጉበቱን ጠባሳ ደግሞ ዛሬ ሆድ ሳይከፈት በአልትራሳውንድ ማየት ይቻላል።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል። በ1970ዎቹ የተገኘ ሲሆን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት 40 ሚሊ ግራም እየታሰበ በአንድ ጊዜ ይዋጣል። በትምህርት ቤት የሕፃናቱ ቁመት በተመለከተ ዘንግ ይለካና የኪኒኑ ቁጥር ይወሰናል። ምግብ ከተበላ በኋላ ቢወሰድ ይሻላል፤ ጥቂት የሆድ ሕመም፣ ማቅለሽለሽ ወይም ራስ ምታት ቢያመጣ ቶሎ ያልፋል። በአገራችን በ2015 ብሔራዊ የትምህርት ቤት ትሎችን የማስወገድ ዘመቻ ተጀምሯል። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መመሪያ በሽታው በበዛበት ስፍራ ከ2 ዓመት ጀምሮ ያሉ ሰዎች ሁሉ፣ አዋቂዎችም ጭምር፣ ነፍሰ ጡሮችም ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ ሊታከሙ እንደሚገባ አመልክቷል። ኪኒኑን መዋጥ ለማይችሉ ታናናሽ ሕፃናት የተዘጋጀው መድኃኒትም በ2024 በዚሁ ድርጅት ዘንድ ተቀባይነት አግኝቷል።

መድኃኒቱ ከ40 ዓመት በላይ ቢሠራበትም ትሉን በምን መንገድ እንደሚያሸንፈው የታወቀው ገና በቅርቡ ነው። በ2019 ተመራማሪዎች መድኃኒቱ በትሉ ሕዋስ ላይ ያለውን አንድ የካልሲየም መግቢያ በር ከፍቶ ጡንቻው እንዲኮማተር የሚያደርግ መሆኑን ደረሱበት። በሆላንድም በሌይደን ከተማ 17 በጎ ፈቃደኞች ወንድ ትሎች ብቻ በቆዳቸው እንዲገቡ ፈቅደው ነበር፤ የጥናቱ ውጤት በ2020 ታትሟል። ሴት ትል ከሌለ እንቁላል ስለማይኖር የጉበት ጉዳት ሳይደርስባቸው በኋላ ታክመዋል፤ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ግን ትኩሳት ይዟቸው ነበር። እንዲህ ያለው ጥናት ወደ ፊት ክትባት ለመሞከር መንገድ ይጠርጋል።

ፕራዚኳንቴል ሁለት ጉድለት አለው። በመጀመሪያ፣ የጎለመሰውን ትል እንጂ ጨቅላውን አይገድልም። ሁለተኛም፣ ዳግመኛ ከመያዝ አይከላከልም፤ ዛሬ ኪኒን የዋጠ ልጅ ነገ ወደተበከለ ኩሬ ቢገባ እንደገና ይያዛል። ትልቁ ተስፋ ግን ይህ ነው፤ በሕፃናትና በወጣቶች ላይ ገና የጀመረ የጉበት ጠባሳ ከሕክምና በኋላ ወደ ኋላ ሊመለስ መቻሉ በአልትራሳውንድ ታይቷል። የጠና ጠባሳ ግን በቀላሉ አይመለስም። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

7ኛ፤ ከእኛና ከሌሎች አገሮች የሚገኝ ትምህርት

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያሉት የውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ሰው ሁሉ በየቀኑ ሲያየው የኖረውን ነገር እርሳቸው በማስተዋል ስላዩት እንዶድ ቀንድ አውጣን የሚገድል መሆኑ ለዓለም ታወቀ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም በስማቸው ይጠራል። ሆኖም እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ማንም ሰው በራሱ ፈቃድ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ ሊጨምረው አይገባም፤ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ጃፓን የሩዝ አገር ናት። በኮፉ ሸለቆ የሚኖሩ የሩዝ ገበሬዎች የዚህኑ ትል ዘመድ በሆነ ሌላ ትል ጉበታቸው እየደነደነ ይሞቱ ነበር። በብዙ ዓመት ድካም የመስኖ ቦዮች በሲሚንቶ ተሠሩ፤ ቀንድ አውጣው እንዲጠፋ ተደረገ፤ ዓይነ ምድር ወደ ማሳ እንዳይገባ ተከለከለ። በ1996 የያማናሺ አውራጃ በሽታው የጠፋ መሆኑን አወጀች። ሩዙ ግን አልቀረም። ስለዚህ ሩዝና ጤና አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

የግብፅ ታሪክ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። ፕራዚኳንቴል ከመምጣቱ በፊት፣ ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ድረስ፣ በዚያ አገር ቢልሃርዝያ የሚታከመው ታርታር ኤሜቲክ በተባለ መርፌ ነበር። መርፌዎቹ በሚገባ ሳይቀቀሉ ለብዙ ሰው ስላገለገሉ፣ በ1989 ብቻ ማንነቱ የታወቀው «ሲ» የተባለው የጉበት ቫይረስ በሕዝቡ መካከል ተስፋፋ። ከአንዱ የጉበት በሽታ ሊያድን የታሰበው መርፌ ሌላውን የጉበት በሽታ አመጣ። ለአንድ ሰው ያገለገለ መርፌ፣ ምላጭ ወይም መንቀሻ ለሌላ ሰው ሊያገለግል አይገባውም የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው።

8ኛ፤ ምን እናድርግ

አንደኛ፣ ማንም ሰው በወንዝ ዳር፣ በቦይና በማሳ ውስጥ አይጸዳዳ። የበሽታው ሰንሰለት በቀላሉ የሚበጠሰው በዚህ ቦታ ነው። በመኖሪያ ቤትና በትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን ሰው በብዛት በሚሠራበት ማሳ አጠገብም፣ ጎርፍ በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ፣ የጋራ መጸዳጃ ጉድጓድ ይቆፈር።

ሁለተኛ፣ ለገላና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆነው ውኃ ከጉድጓድ ወይም ከቧንቧ ይቀዳ። የወንዝ ወይም የኩሬ ውኃ ግድ ከሆነ አስቀድሞ ይፍላ፤ ወይም ቀንድ አውጣ በሌለበት ንጹሕ በርሜል ሁለት ቀን ሙሉ ይቆይ፤ እጮቹ ከዚያ በላይ በሕይወት አይቆዩምና። ለመጠጥ የሚሆነው ግን ሁልጊዜ ይፍላ።

ሦስተኛ፣ ልጆች በቀትር በኩሬና በወንዝ ዳር እንዳይዋኙ ይመከሩ። በማሳና በቦይ የሚሠሩም ቢቻላቸው ቦቲ ጫማ ያድርጉ።

አራተኛ፣ የኪኒን ዕደላ ቀን ሲታወጅ ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆችም ይምጡ። ከብት ጠባቂው ልጅ ከተማሪው ይልቅ ከውኃ ጋር ይውላልና።

አምስተኛ፣ መምህራን ቶሎ የሚደክመውን፣ ሆዱን ደጋግሞ የሚያመውንና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያለበትን ተማሪ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩት። ነገር ግን ከተያዙት ብዙዎቹ ምንም ምልክት ስለማያሳዩ ጤነኛ የሚመስለውም ልጅ ኪኒኑን ይዋጥ።

9ኛ፤ በክፍል ውስጥ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

1. የአንጀት ትል ጉበትን ሊጎዳ የቻለው በምን ምክንያት ነው?
2. ጉበት ተቆርጦ የሚያድግ ሲሆን በቢልሃርዝያ ጊዜ ራሱን ማዳን ለምን ያዳግተዋል?
3. በአንድ ልጅ ምርመራ 5 እንቁላል ቢቆጠር በአንድ ግራም ውስጥ ስንት ይገኛል? ከየትኛውስ ደረጃ ይመደባል?
4. 30 ኪሎ ግራም የሚመዝን ልጅ እያንዳንዱ 600 ሚሊ ግራም ከሆነው ኪኒን ስንት ይዋጥ?
5. በሰፈራችሁ ሰው ከውኃ ጋር የሚገናኝባቸውን ቦታዎች በሥዕል አሳዩ፤ መጸዳጃ ከእያንዳንዱ ቦታ ምን ያህል ይርቃል?

የሦስተኛው መልስ 120 ሲሆን መካከለኛ ነው፤ የአራተኛው መልስ 2 ኪኒን ነው። የአምስተኛው መልስ ግን በመጽሐፍ አይገኝም፤ መምህሩና ተማሪዎቹ ወጥተው ማየት ይገባቸዋል።

በ2021 በዓለም ላይ መከላከያ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሰዎች 251.4 ሚሊዮን መሆናቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ቁጥሩ እጅግ ብዙ ነው፤ ሰንሰለቱ የሚቆረጠው ግን በየመንደሩ፣ በየቦዩ ዳር ነው። በጉማራ ዳር ወይም በርብ ዳር አንድ መጸዳጃ የቆፈረ ሰው ከእርሱ በታች ውኃ የሚቀዱትን ሁሉ ጉበት ጠብቋል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ማንበብ ለማይችለው ጎረቤቱ ያስረዳው፤ መምህርም ለተማሪው፣ ተማሪም ለወላጆቹ ይንገር።